እንዳትመለስ

ሟቿን ያገኘቻት አልጋ አንጣፊዋ ናት። የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ በጓሮ በር ወጣ ስትል፣ ከማረፊያ ቤቱ ወደ ባሕሩ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ አንዲት ሴት በጎኗ ተጋድማ አየች። ፀሐይ የምትሞቅ እንግዳ መሰለቻት። እንግዳ የማይጋደምበት ቦታ የለም፤ የመጣው ለማረፍ ነው። ነገር ግን የሴትየዋ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ላይኛው ደረጃ ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ ዝንቦችም ቀድመዋታል። አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

ኢንስፔክተሩ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ መጣ። የመንጋጋ ጥርሱ ካመመው ሰንብቷል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያነጋው። ወደዚህ ደሴት ሲዛወር የሥራ ባልደረቦቹ «ታደልክ፣ ልታርፍ ነው» ብለውት ነበር። ሰው ሁሉ ሊያርፍ በሚመጣበት ቦታ ያላረፈው እሱ ብቻ ነው። የሰከረ እንግዳ፣ የጠፋ ሻንጣ፣ በጀልባ ወረፋ የተቧቀሰ ጎረምሳ፣ አሁን ደግሞ ይሄ።

ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ። ሴትየዋ ሽበታም ናት፤ ፊቷ ጥሩ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ፊት ይመስላል። ቀናባት። ጭንቅላቷ ከኋላ ተጎድቷል። አዳልጧት ሊሆን ይችላል ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ረዳቱ ሳጅኗ የሟቿን እጅጌ ከፍ አደረገችለት። ክንዷ ላይ የአራት ጣት ሰንበር አለ።

«ይዛ ነው የጣለቻት» አለች ሳጅኗ።

«ማ?»

«ታናሽ እህቷ ናታ። በጠዋቱ መርከብ ሄዳለች። ሻንጣዋም የለም።»

«ወይም ይዞ የጣላት» አለ እሱ በድካም። «ገና ነው።»

ሳጅኗ ወጣት ናት። ለእሷ ገና የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም።

አከራይዋ ስታወራ እጇን በሽርጧ የምትጠርግ፣ ሐዘንና ወሬ የሚቀላቀሉባት ሴት ናት። እንደነገረቻቸው እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ሟቿ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ፤ ታናሽ እህታቸው፤ የታናሿ ባል። ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ይዘዋል። አዋላጇ ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ስለ ትንሿ ደሴት ጠየቁ። ትንሿ ደሴት ከማረፊያ ቤቱ ፊት ለፊት የምትታይ፣ ሰው የማይኖርባት፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ እንግዳ ድንኳን ተክሎ የሚያድርባት ናት። ሴትየዋ ድንኳን ተከራዩ፣ ፋኖስ ፈለጉ፣ መንጠቆ መረጡ፣ መርከቡ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳይቀር አጣሩ።

«ለአንዲት አዳር!» አለች አከራይዋ። «እትዬ፣ ሊያድሩ ነው ወይስ ሊኖሩ ብዬ ቀልጄባቸው ነበር። ሳቁና፣ አዳር ቀላል ነገር መስሎሻል አሉኝ።»

የታሰበው ለሦስቱም ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አዋላጇ ጉልበቴን አመመኝ አሉ፤ ታናሿም እህቴን ትቼ አልሄድም አለች። ባልየው ድንኳኑን ተሸክሞ ብቻውን ተሻገረ። ጠዋት ላይ አንዷ ሞታ፣ አንዷ ጠፍታ ተገኙ። አከራይዋ ይህን ተናግራ ስታበቃ ወረንጦዬን ምናምን እያለች ስለ አንድ የተዋሱባት ዕቃ ማጉረምረም ጀምራ ነበር። ኢንስፔክተሩ አልሰማትም። ጥርሱ የራሱ ልብ ያለው ይመስል ይመታበት ነበር።

ባልየው ከትንሿ ደሴት ተመልሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ንጹሕ የተላጨ አገጭ። ዓይኑ ቀልቷል። ሊነሳላቸው ሲል አነከሰ፤ አዲስ ጫማ ነክሶኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ኢንስፔክተሩ ወደ እግሩ ተመለከተ። በዚህ ሙቀት ካልሲ አድርጓል። የጫማው ተረከዝ በአንድ ወገን ተበልቶ አልቋል። አየው፣ ግን ምንም አላሰበም፤ የደከመ ሰው ዓይን ያያል እንጂ አያስብም።

ሰውየው በዝግታ ተናገረ። እህትማማቾቹ ሰሞኑን ሲንሾካሾኩ እንደነበር፣ እሱ ሲገባ ዝም እንደሚሉ፣ ምን እንዳጣላቸው እንደማያውቅ። ስለ አዳሩ ሚስቱ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰችለት፣ ሁሉን ያቀዱት ሁለቱ እንደሆኑ። ትናንት ከጉዞው በፊት የት ነበሩ ሲባል፣ ባሕሩ ዳር ሻይ ስጠጣ ነበር አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «ሚስቴን አምጡልኝ» አለ። «ምንም ብታደርግ ሚስቴ ናት።»

ያሻገረው ጀልባ ነጂ «ሬዲዮ» ይባላል፤ የሚዘጋበት ቁልፍ ስለሌለው። ሰውየውን ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ትንሿ ደሴት ላይ አድርሶታል፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ከዚያው ከድንኳኑ ደጃፍ ወስዶታል። ኢንስፔክተሩ በመካከል የተሻገረ ጀልባ እንዳለ ጠየቀው። ሬዲዮ ማለ። ባሕሩ በሚሸሽበት ሌሊት ጀልባ ሁሉ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ ቢጎትቱትም አይነሳ። እንዲያውም አባቴ በዚህ በዚህ ጊዜ ብሎ ታሪክ ሊጀምር ሲል፣ ኢንስፔክተሩ እጁን አነሳ።

«የአባትህን ሌላ ቀን።»

«እሺ ጌታዬ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ሰውየው ዓሣ ካልሆነ በቀር አልመጣም» አለች።

ከሰዓት በኋላ አልጋ አንጣፊዋ ጣቢያ ድረስ መጣች። ስትፈራ ስትቸር፣ ትናንት የሰማችው ነገር እንዳለ ተናገረች። የአዋላጇን ክፍል እያጸዳች ሳለ፣ በስሱ ግድግዳ በኩል የታናሿ ድምፅ መጣ። ንግግሩ ለስለስ ያለ ነበር፣ እንደ ልመና። ቃል በቃል እንድትደግመው ጠየቋት፤ ደገመችው።

«እዚያው እንድታድር ነው የምፈልገው። እንዳትመለስ።»

 ሳጅኗ ከወንበሯ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተመለሰች።

«ይኸው!» አለች። «ትንሿ ደሴት ላይ ልታስቀራት ነበር። እዚያው እንድታድር፣ እንዳትመለስ። ሴትየዋ ጉልበቴን ብላ ስትቀርባት፣ እዚሁ ጨረሰቻት።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ይመስላል። ልክ የመሰለ ነገር ደግሞ ለደከመ ሰው እንደ አልጋ ነው፤ ጋደም ያደርጋል።

ታናሿን ከወዲያኛው ወደብ ይዘው በማታው መርከብ መለሷት። ቀጭን ናት፤ በሙቀቱ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማለች። ከመጋባቷ በፊት ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ አሁን ሥራ የላትም፤ ባሌ ተይው ብሎኝ ነው አለች። ለምን እንዳመጧት አልጠየቀችም። ያወቀች ትመስላለች። ባሏ ከሶ ያስያዛት መስሏት እንደነበረ የገባቸው ኋላ ነው።

ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጥያቄውን ሁሉ በአንድ መልስ መለሰች።

«እትዬ ይምጡልኝ። እሳቸው ባሉበት እናገራለሁ።»

ለምን በጠዋት እንደሄደች ጠየቋት። እትዬ ይምጡ። ከእህቷ ጋር ተጣልታ እንደሆነ ጠየቋት። እትዬ ይምጡ። ሳጅኗ መልሷን ጽፋ፣ ከሥሩ «ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም» ብላ አከለች። ኢንስፔክተሩ ግን ሴትየዋ ዓይኗን ከበሩ እንዳልነቀለች አየና ደነገጠ። ይህቺ ሴት በር የምትጠብቀው እህቷ ትገባለች ብላ ነው። አልነገሯትም። እያንዳንዳቸው ሌላው የነገራት መስሏቸዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር የመናገር ዘዴ በዚህ ሁሉ ዓመት አልተማረም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ሻንጣው ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀ። አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘች፤ ከዚያ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፦

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። የሳጅኗ እስክሪብቶ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኮማንደሩ ከወዲያ ማዶ ደወለ። አምናለች አይደል፣ ምስክርም አለ፣ ሸሽታም ተይዛለች፤ ታዲያ ምን ይጠበቃል። በማታው መርከብ ላኳት፣ እዚህ ማረሚያ ቤት ትግባ፣ የቀረውን ዐቃቤ ሕግ ይጨርሰው። ኢንስፔክተሩ እሺ አለ። ማዶ ከተሻገረች መዝገቡ ከእጁ እንደሚወጣ ያውቃል። አንዴ «ገድላለች» ተብሎ የተሻገረ ሰው «አልገደለችም» ተብሎ ሲመለስ አይቶ አያውቅም። ደግሞም ደክሞታል። እሺ ማለት እንዴት ያሳርፋል!

ስልኩን እንዳስቀመጠ ባልየው እያነከሰ መጣ። ሚስቱን ማየት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ላናግራት፣ ይቅር ብያታለሁ በሏት አለ። አክሎም፣ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ «ተናገረች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ታናሿ የተቀመጠችበት ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ወንበሯን ይዛ፣ ሳታንኳኳ፣ ቀስ ብላ ወደ ጥጉ ስትሸሽ ኢንስፔክተሩ በክፍተቱ አያት። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ሻርፗን ወደ ላይ ሳበችው። ወንበርን ያለ ድምፅ ማንቀሳቀስ በአንድ ቀን የሚለመድ ሙያ አይደለም።

ባልየውን አሁን አይቻልም ብሎ መለሰው። ለምን እንደመለሰው ራሱም አላወቀም።

ከዚያ የኢንስፔክተሩ ሚስት ከቤት ደወለች። ጥርሱ ስለሚጠዘጥዘው ስልኩን በሌላኛው ጆሮው ያዘ፤ በዚያኛው ጆሮ ደግሞ አጥርቶ አይሰማም። ቤት ውስጥ አማቱ አሉ፤ ወገባቸውን ከያዛቸው ወር አልፏል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው ስትለው ሰንብታለች። ሚስቱ ያለ ሰላምታ ነው የጀመረችው።

«ሐኪም ጋ ሳትሄድ ቤት እንዳትመጣ። ሌሊቱን ሁሉ ስታቃስት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።»

«ዛሬ አይመቸኝም» አላት። «ነገ እኔ ራሴ እወስዳቸዋለሁ።»

«ማንን?»

«እናትሽን ነዋ።»

 «አንተ ሰውዬ፣ ጥርሱ ወደ አንጎልህ ወጣ እንዴ? እናቴ ምን ሆኑ? አንተን ነው የምልህ። አንተ ነህ ሐኪም ጋ ሳትሄድ እንዳትመጣ። ደግሞ እኔ እናቴን አንቱ ሳልል ስጠራ መቼ ነው የሰማኸው?»

ሊስቅ ነበር። ሳቁ ጉንጩ ላይ ደርሶ ቆመ። ሚስቱ ሰማህ ወይ፣ ሰማህ ወይ ትላለች። እሱ ስልኩን እንደያዘ ግድግዳውን እያየ ቀረ።

እንዳትመጣ። ስታቃስት። እንዳትመለስ። የሌለችውን ሴትና ፊት ለፊት የቆመውን ወንድ ቋንቋችን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ማን እንደሆነ የሚያውቀው ተናጋሪው ነው፤ ግድግዳ አያውቅም።

ወደ ታናሿ ክፍል ገባ። ሳይቀመጥ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፦ እህትሽን አንቺ ትያቸው ነበር ወይ? ሴትየዋ እንደ ሰደባት ቀና ብላ አየችው። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

«እትዬን? በምን አፌ? ያሳደጉኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ታዲያ» አለች ቀስ ብላ፣ «'እዚያው እንዲያድሩ' ነበር የምትለው። 'እንዳይመለሱ'።»

«እንዲያ ነው።»

«እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። 'እትዬ ይምጡልኝ' ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አላት። «ተይው። ነይ።»

ማረፊያ ቤቱ ጋ አልጋ አንጣፊዋን ትራስ ስትቀይር አገኟት። ታናሿ ያን ቃል ስትናገር ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር ወይ ሲሏት፣ አዎ ነበር እንጂ አለች፤ ሰው ጢሙን ይላጭ ነበር፣ ምላጩን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር፤ ታናሿ «እንዳትመለስ» ስትል ማንኳኳቱ ቆመ። ሻይ ሲጠጣ የነበረው ሰው መሆኑ ነው። ሳጅኗ ለምን ይህን ትናንት እንዳልተናገረች ልትቆጣት ቃጣት። ልጅቷ ትራሱን እያቀፈች፣ ምን አለች ብላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ፣ ማን ሰማት አላላችሁኝም አለች።

አከራይዋ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻቸው። ስለ ሟቿ መስሏቸው ቆሙ። ስለ ወረንጦዋ ነው። ትናንት ሰውየው ከጀልባ ወርዶ፣ ገና አስከሬኑ ሳይነሳ፣ ወረንጦ አለሽ ወይ ብሎ ወስዶባት አልመለሰም።

«ሐዘን ላይ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ጥሩ ወረንጦ ናት። ለሚስቱ ቅንድብ መስሎኝ ነው የሰጠሁት።»

«ሚስቱ እኮ ያኔ ባሕር ላይ ነበረች» አለ ኢንስፔክተሩ።

አከራይዋ እጇን በሽርጧ መጥረግ ጀመረች።

ሬዲዮ መረቡን እየጠገነ ነበር። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ አሸዋው ላይ ተቀመጠና፣ ያን የአባትህን ታሪክ አምጣ አለው። ጀልባ ነጂው መጀመሪያ የሚያሾፍበት መሰለው። ከዚያ ፊቱ በራ። አባቱ ባሕሩ በሚሸሽበት ሌሊት፣ ከዚህ ከድንጋዩ ጫፍ እስከ ትንሿ ደሴት፣ ውሃው ደረቱን ሳያልፍ በእግሩ ይሻገር ነበር። ከውሃው ስር የሚያስኬድ የድንጋይ ጀርባ አለ። ይህንን ለተሻጋሪው ሁሉ ያወራዋል፤ ለሰውየውም አውርቶለታል፤ እንዲያውም ሰውየው ብቻ ነው ሳያቋርጠው የሰማው፣ በየት በኩል ነው ብሎ ሳይቀር የጠየቀው።

«ትናንት የተሻገረ አለ ወይ ስልህ?»

«የተሻገረ ጀልባ ነው ያልከኝ፣ ጌታዬ። ጀልባ አልተሻገረም።» ሬዲዮ መረቡን አስቀመጠ። «ደግሞ የድንጋዩ ጀርባ ላይ የባሕር ጃርት አለ። ያን ጥቁር እሾህ የረገጠ ሰው በቀላሉ አያወጣውም። አባቴ የላስቲክ ቦቲ ያደርግ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አሸዋው ላይ ትንሽ ቆየ። ጥርሱ ያመዋል፤ ጉልበቱም። የአንድ የሞተ ሽማግሌ ታሪክ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ያን ሁለት ደቂቃ ትናንት ቢሰጠው ኖሮ አንዲት ሴት ሌሊቱን በጥጉ ተቀምጣ ባላደረች።

ባልየውን ቢሮ አስጠሩት። ኢንስፔክተሩ ወንበር ሰጠው፣ ውሃ አስቀዳለት።

«አዲስ ጫማ ነከሰኝ ብለውኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ይሄ ተረከዝ የእርስዎን አካሄድ ተምሮ የጨረሰ ጫማ ነው። እስቲ ያውልቁት።»

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ፈታች። ካልሲው ሲወርድ ውስጥ እግሩ አብጦ ታየ። ከቆዳው በታች፣ እንደተሰበረ የእርሳስ ጫፍ፣ ጥቋቁር ነጥቦች ተሰክተዋል። ግማሾቹ ዙሪያ በወረንጦ ተቆፍሯል። የማረፊያ ቤቱ ዳርቻ ንጹሕ አሸዋ ነው። ጀልባም ትንሿን ደሴት የሚነካው በአሸዋው በኩል ነው።

«አሁን» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «እዚያው እንድታድር እፈልጋለሁ ስትልህ ለምን ተመለስክ?»

አንቱታው እንደቀረ ሰውየው ልብ አለው። ካልሲውን ሊያጠልቅ ጀምሮ ተወው።

«ደግ ሆነችብኝ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ የቀረው በራሱ ወጣ። ከተጋቡ ጀምሮ ወዴት ሄድሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ የሚላት እሱ ነው፤ የምትፈራው እሷ ናት። ከትናንት ወዲያ ግን ሲላጭ ከኋላው መጥታ፣ እስቲ አንተም አንድ ቀን እረፍ፣ ዓሣህን አጥምድ፣ እዚያው እንድታድር ነው የምፈልገው፣ እንዳትመለስ አለችው። ፈገግ ብላ። ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ ያ ፈገግታ አላስተኛው አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ጫማውን ድንኳኑ ውስጥ ትቶ፣ በነጠላ ጫማ ወረደ፤ አንዱን ውሃው ወሰደበት። ደረጃው ጋ ሲደርስ ሊነጋ ነበር። አዋላጇ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚጠብቁት ይመስላሉ።

«የት ናት አልኳት አሮጊቷን። ተኝታለች፣ ደክሟታል፣ እንዳትቀሰቅሳት አለችኝ። ተቀመጥ፣ እግርህ ይደማል፣ ልይልህ አለችኝ። ተቀመጥኩላት እኮ። እግሬን እያየችልኝ ስለ ዓሣው ጠየቀችኝ። ከዚያ መርከቡ ጮኸ። ቀና ስል ወደ ባሕሩ እያየች ነው፤ ፊቷ... የተገላገለች ይመስላል። ያኔ ገባኝ።»

ክንዷን ያዘ። የት እንደሄደች ጠየቃት። ደጋግሞ ጠየቃት። አልነገረችውም። ልጥላት አላልኩም አለ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከዚያ ባሕሩ ሳይመለስበት በመጣበት ድንጋይ ተሻግሮ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

ሳጅኗ ልትወስደው ስታነሳው፣ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ወዴት ልትሄድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ይህን ብቻ ንገሩኝ።»

ሳጅኗ ክንዱን ይዛ አስወጣችው።

ታናሿ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ሻርፗን ፈታች። አንገቷ ላይ የነበረው ሰንበር እየደበዘዘ ነው፤ ያረጀ ነው። ሁሉን ያሰቡት እትዬ መሆናቸውን ተናገረች። ዕረፍቱን፣ ደሴቱን፣ አዳሩን። ከቤት ብትወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኛት ነበር፤ ስለዚህ እሱ ተነስቶ ሊፈልጋት የማይችልበት አንድ ሌሊት አስፈለገ፤ ያ ሌሊት የሚገኘው ባሕር መካከል ብቻ ነው። አይሆንልንም ስትላቸው፣ የስንቱን ልጅ እጁን ስቤ ወደዚህ ዓለም አውጥቻለሁ፣ አንቺን ከአንድ ቤት ማውጣት ያቅተኛል ወይ ብለዋታል። እሷም እሱን አግባብታ እንድትሸኘው ነገሯት። አብረን እንሂድ ብላ ለምናቸው ነበር። እሱ ቢመለስ የሚያቆየው ሰው ያስፈልጋል አሏት።

«አግባብቼ ሸኘሁት። ሽኝቴ ነው የመለሰው» አለች። «ፈገግ ባልል ኖሮ ያምነኝ ነበር። ለዚህ ነው እኔ ነኝ የገደልኳቸው ያልኩት።»

ኢንስፔክተሩ ምን እንደሚላት አሰበ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«መርከቡ ሲጮኽ ፊታቸው የተገላገለች ሴት ፊት ይመስል ነበር ብሏል። ይህን ከእሱ አፍ ነው የሰማሁት፤ ለእሳቸው ሊያደላ የሚችል ሰው አይደለም።»

ያኔ አለቀሰች።

ኮማንደሩ ሲደወልለት ትንሽ ተነጫነጨ፤ ወረቀቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። በማታው መርከብ ባልየው በካቴና ተሻገረ። ታናሿ አብራው እንዳትሳፈር ኢንስፔክተሩ አንድ ቀን አቆያት፤ አከራይዋ በነፃ አሳደረቻት። በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን ይዛ ልትሄድ ወደቡ ላይ ቆመች። ሬዲዮ ሳጥኑን ከሌሎች ጋር ተሸክሞ ሲያስገባ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሳጅኗ ሻንጣዋን አቀበለቻት። ኢንስፔክተሩ ጉንጩን ይዞ ቀረብ አለ። ዐቃቤ ሕግ ሊጠራሽ ይችላል፣ ይህ ነው ስልኬ፣ ምናምን አላት። ሴትየዋ ሁሉንም እሺ አለች። ከዚያ ያ ሁሉ ምናምን አለቀ። የሰውየው እናት ወይም ወንድሞች፣ ወይም እሱ ራሱ አንድ ቀን ተፈትቶ፣ ይቅር በይው፣ ቤትሽ ነው፣ ግቢ ሲሏት ታየው። ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው በከንቱ አይደለም።

«ወደዚያ ቤት» አላት፣ «እንዳትመለሺ።»

ቀና ብላ አየችው። ቃሉ ለማን እንደሆነ ማንም የሚጠይቅ አልነበረም።

«አልመለስም» አለች።

መርከቡ ጮኸ። ድምፁ በማረፊያ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ በተሰጣው አንሶላ ላይ፣ በትንሿ ደሴት ላይ አልፎ ሄደ። ኢንስፔክተሩ መርከቡ አውራ ጣት እስኪያክል ድረስ ቆሞ አየ። አልጋውን አሰበ። አንድ ሙሉ ቀን መተኛት አማረው። ነገር ግን ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ቀስ እያለ ወደ ጤና ጣቢያው አቀና። ጥርሱ ሳይነቀል ቤት እንዳይገባ ተነግሮታል።